በከንፈር የተያዘ መንጠቆ

ጩቤ ሥራ በገባች በአሥራ አንደኛው ቀን የተቆጣጣሪውን አፍንጫ ሰበረች። በቡጢ አይደለም፤ ቡጢ የወንዶች ጨዋታ ነው ትላለች። በጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ የታሰረችውን ትንሽ የብረት ሞርሳ ፈትታ ነው ያቀመሰችው። ሰውየው አፍንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉ ላይ ዘጭ ሲል አርባ ሁለት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ፈዝዘው ቀሩ። እሷ ግን ሞርሳዋን በቀሚሷ ጠርዝ ጠራረገችና ወደ ቦታዋ መልሳ አጥብቃ አሰረች፤ ከዚያም ቀጣዩን መንጠቆ አነሣች። ስሟ የወጣው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በእናት በአባቷ ስም የሚጠራት የለም፤ ቢጠሯትም ዞር አትልም።

ለምን እንዳላባረሯት የሚጠይቅ ካለ መልሱ አጭር ነው፤ እጇ ነዋ። በአሥር ቀን ውስጥ ሦስት ዓመት የሠሩትን ሴቶች በፍጥነትም በጥራትም ጥላቸው ሄዳ ነበር። የቤቱ ባለቤት የተሰበረውን አፍንጫና የእሷን እጅ አመዛዘነና ተቆጣጣሪውን ወደ መጋዘን አዛወረው።

ቤቱ ሰው ሠራሽ ዝንብ ይሠራል። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው አለ፤ ይሳቅ። ባሕር ማዶ ዓሣ በመረብ መያዝ የሚያስጠላቸው፣ በብልሃት ካልሆነ የማይጥማቸው ባለጸጎች አሉ። እነሱ ትል አይሰኩም። መንጠቆ ላይ ላባ፣ ጠጉርና ክር ታስሮ ነፍሳት እንዲመስል ይደረግላቸዋል፤ እሱን ውሃ ላይ ሲጥሉት ዓሣው እውነተኛ ዝንብ ይመስለውና ይውጠዋል። ለወንዝና ለሐይቅ የሚሆነው ከምስር ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ለባሕር የሚሆነው ደግሞ ጣት ያህላል፤ ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ የሚሉትን ባለ ብዙ እግር የባሕር ፍጥረት መስሎ ይሠራል፤ መንጠቆው የማይዝግ፣ ወፍራምና ጨካኝ ነው። ጩቤ የምትሠራው የባሕሩን ነው። ትንንሾቹን «የትዕግሥተኛ ሥራ ነው» ብላ ለሌሎች ትታለች።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። መንጠቆው በሞርሳው አፍ ይነከሳል። ክር ቀጥ ባለው ግንዱ ላይ ይጠመጠማል፤ የፍየል ጅራት ጠጉር ይታሰራል፤ ብልጭልጭ ይጨመርበታል፤ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ይዞርበታል፤ በመጨረሻ ክሩ ከዓይኑ፣ ማለት የማጥመጃው ገመድ ከሚገባበት ቀዳዳ፣ ሥር አምስት ጊዜ ተጠልፎ ይጠብቅና ቫርኒሽ ጠብ ይደረግበታል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «መንጠቆ በከንፈር መያዝ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር የተደረደሩት ሴቶች በሙሉ ግን መንጠቆ በከንፈራቸው ይዘዋል። ምን ያድርጉ? አንዱ እጅ ክር፣ ሌላው እጅ ላባ ይዟል፤ ቀጣዩን መንጠቆ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ አልተፈጠረላቸውም። ጩቤ ግንዱን በቀኝ በኩል የከንፈሯ ጥግ ላይ ታስይዝና፣ ጉብጠቱ ወደ ውጭ እንደተንጠለጠለ፣ ታወራለች፣ ትሳደባለች፣ ትስቃለች። የምትለው ሲጠፋትም መንጠቆ አንሥታ ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች፤ ሌላው ሲጋራ እንደሚለኩሰው መሆኑ ነው። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልወጋትም።

አባቷ ሐይቅ ዳር የሚኖር አጥማጅ ነበር። መቅዘፊያውን ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል፤ ለጀልባውና ለልጆቹ። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ስትወልድ ሞተች። ጩቤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ በሳምንቱ እናት ሆና ቁጭ አለች። ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ዓሣ ትበልታለች፤ አባቷ ጠጥቶ ሲመጣ ሕፃኑን አልጋ ሥር ደብቃ ዱላውን እሷ ትቀበላለች። ሁለት ጊዜ ክንዷ ተሰብሯል። አንዱን ወጌሻ አሽቶ መለሰው፤ ሌላው ራሱ እንደፈለገው ገጠመ።

ልጁ ሰባት ዓመት የሞላው ጊዜ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የአባቱን የመንጠቆ ሣጥን ከፈተ። ልጅ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ያያል። ትልቁ መንጠቆ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ሥር ገባ። የመንጠቆን ጥርስ አስተውሎ ለማያውቅ ሰው፣ ከጫፉ ዝቅ ብላ ወደ ኋላ የዞረች አንዲት ስል ሽራፊ አለች። ስትገባ ችግር የለባትም። ወደ ኋላ ልጎትትሽ ሲሏት ነው ሥጋውን አንቃ የምትይዘው።

አባትየው ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ልጁን አየው፣ ሣጥኑን አየው። «ነካኸው?» አለ። መልስ አልጠበቀም። የልጁን ክንድ በጉልበቱ መሬት ላይ ተጫነና መንጠቆውን በጉጠት ይዞ ወደ መጣበት ጎተተው። አንዴ ጎተተ፣ አልወጣም። ሁለተኛ ጎተተ፣ አልወጣም። በሦስተኛው ወጣ፤ ነጭ ነገር አንጠልጥሎ ወጣ። ጅማት ነበር።

ጩቤ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ውሃ የምትቀዳበትን እንስራ ተሸክማለች። እንስራውን አልጣለችም፣ አልጮኸችም፣ እግሯ ካለበት አልተነቃነቀም። በሕይወቷ ያፈረችበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ የመታቻቸው ሰዎች ሁሉ፣ እነሱ አያውቁትም እንጂ፣ የዚያችን ደቂቃ ዕዳ ነው የከፈሉት።

ቁስሉ ዳነ። ያቺ ጣቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፈችም፤ ቀጥ ብላ እንደተገተረች ቀረች። እጁን ሲጨብጥ አራቱ ይዘጋሉ፣ እሷ ወደ ፊት ታሳያለች። ሰፈሩ «ጠቋሚው» አለው። እህትና ወንድም ሲታገሉ፣ ሲላፉም ሲጣሉም፣ የእጇን አንጓ ጨምድዶ ሲይዛት፣ በዚያች በማትዘጋው ጣት በኩል እጇን ጠምዘዝ አድርጋ ሹልክ ትላለች። «ሌባ ጣትህ ለእኔ ነው የምትሠራው» ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል። በቤቱ ውስጥ ሳቅ የነበረው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ሲሞላት ወንድሟን ይዛ ጠፋች። ከተማ ገብታ ዝንብ የሚሠራው ቤት ተቀጠረች፤ በአሥራ አንደኛው ቀንም መንጠቆ አውራ ጣቷ ውስጥ ጥርሱ ድረስ ገባ። ጩቤ ክው አለች። የምትጠብቀውን ታውቃለች፤ ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይተኛ!» ብላ ጮኸች አንዷ።

ቤቱ ውስጥ አንጋፋዋ ሠራተኛ እማማ ሙጫ የሚሏት ነበረች። ክር ይዛ መጣች። የመንጠቆውን ዓይን በጣቷ ወደ ቆዳው ተጭና አስተኛችው፤ እንዲህ ሲደረግ ጥርሱ የያዘውን ሥጋ ይለቃል። ጉብጠቱ ላይ ክር አዞረችና ድንገት መነጨቀችው። መንጠቆው ጠረጴዛው ላይ ቋ ብሎ ወደቀ። አንዲት የደም ጠብታ ብቻ ወጣች።

«አለቀ» አለች እማማ ሙጫ፤ «ምን ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ?»

ጩቤ ማልቀስ ጀመረች። ንፍጧ እየወረደ አለቀሰች። ተቆጣጣሪው መጥቶ አያትና «ለዚች ታህል? ይቺማ ትንኝ ብትነክሳት ቀብር ታስጠራለች» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ምስኪን፣ ከምን ጋር እንደሚጫወት አላወቀም። ጩቤ ያለቀሰችው አሟት አይደለም፤ ስላላመማት ነው።

ያን ቀን አንድ ጥያቄ ገባባት። አባቷ ይህን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር?

መልሱን ራሷ ሰጠች። አያውቅም ነበር። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ ዳር ያረጀ መሃይም ከየት ያውቃል? መንጠቆ በጉልበት ካልሆነ የሚወጣ አልመሰለውም። ይህ እውቀት ሳይሆን ውሳኔ ነበር፤ ልቧም ያውቀዋል። ግን አባት ክፉ ከሚሆን ደንቆሮ ቢሆን ይሻላል ብላ ያዘችው።

ወንድሟ በእጇ አደገ፤ እንደ እሷ ኃይለኛ፣ ከእሷ ይልቅ ዕድለ ቢስ ሆኖ። ያቺ ጣት አላስቀምጥ አለችው። መጠጥ ቤት ብርጭቆ ሲያነሣ ጣቱ ተገትራ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ታሳያለች፤ ሰውየው «ማንን ነው የምትጠቁመው?» ብሎ ይነሣል፤ ጠብ ይጀመራል። በቀኙ መምታት ስለማይችል በግራው መምታት ለመደ፤ ከግራ የሚመጣ ቡጢ ደግሞ ማንም አይጠብቀውም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አንድ ሹፌር በዚያች ጣት ሰበብ ተጣላው። ጠቋሚው ሰውየውን ወለሉ ላይ አስተኝቶ፣ ሰዎች እስኪያነሡት ድረስ መታው። ሹፌሩ ከሞት ተረፈ፤ አንድ ዓይኑ ግን አልተረፈም። ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ደግሞ ጠቋሚ የሚባል ስም ይዞ የገባ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቡት፤ ስሙ ብቻውን ሁለት ጥርሱን አስወልቆታል።

ጩቤ በዚህ መሃል ባል አግብታ ነበር። ደህና ሰው ነበር ይባላል። አንድ ቀን በጥፊ መታት፤ እሷም በጀበና ሳይሆን በብረት ድስት ክዳን መለሰችለት። ከሆስፒታል ሲወጣ በቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። ስለሱ የሚነገረው ይኸው ነው።

ወንድሟ በታሰረ በሦስተኛው ዓመት አንድ የጭነት መኪና በሯ ላይ ቆመና ሁለት ሰዎች አባቷን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወረዱት። ከወገቡ በታች በድን ሆኗል፤ የሐይቁ ሰዎች ሰልችቷቸዋል። ጩቤ በሩን ልትዘጋባቸው እጇን አንሥታ ነበር። ሽማግሌው ቀና ብሎ «ውሃ» አላት። ያቺ እንስራ ትዝ አለቻት መሰለኝ፣ አስገባችው።

የውስጠኛውን ክፍል ሰጠችው። ስድስት ዓመት አጎረሰችው፣ አገላበጠችው፣ አጠበችው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ «አባባ፣ ውሃው እዚህ ነው፤ ይጠጡ» ትለዋለች። አንቱ ከማለት ያረፈችበት ቀን የለም። እሱም አንድ ቀን «እግዜር ይስጥሽ» ብሏት አያውቅም። ይህን ሁሉ የቻለችው በዚያች ውሳኔ ነው፤ አያውቅም ነበር በምትለው። ስታጎርሰው ስንት ጊዜ ጥያቄው ምላሷ ላይ ደርሶ ዋጠችው። መልሱን ፈርታ ነው።

እስር ቤት ሄዳ ለወንድሟ በሽቦው በኩል ስትነግረው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«አባባ እኔ ቤት ናቸው።»

የጠቋሚው ጣት በሽቦው ቀዳዳ ወጥታ የእህቱን ደረት ታሳያለች።

«በሕይወት?»

«እግራቸው አይሠራም። ሌላው ደህና ነው።»

«እንዳትቀብሪው» አለ። «እኔ እስክወጣ አኑሪልኝ።»

ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። ሲለያዩ ግን «አለ?» ይላታል፤ እሷም «አሉ» ትላለች። ሰው የአባቱን ጤና እንዲህ አይጠይቅም። ጩቤ ጠብ ታውቃለች፤ የጠብንም ዝምታ ታውቃለች። ሽማግሌውን ከገደለው ዳግመኛ አይወጣም። በዚህ ዓለም ላይ ያላት ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ሌላ አልነበራትም።

የሚፈታው እሑድ ነበር። ጠዋት ተነሥታ ቤቱን ጠራረገችው፤ ከቆሻሻ ሳይሆን ከመሣሪያ። ቢላዋዎቹን፣ መጥረቢያውን፣ ዘነዘናውን፣ የአባቷን አሮጌ ምርኩዝ ጭምር በጆንያ ከትታ ለጎረቤቷ ለልብስ ሰፊዋ አስረከበች።

«ምነው፣ ቤት ልትለቂ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አይጥ ገብቶብኝ።»

«አይጥ በመጥረቢያ ነው እንዴ የምታባርሪው?»

«መጥረቢያውን እንዳያገኘው ነው» አለች ጩቤ፤ ልብስ ሰፊዋም ሌላ አልጠየቀችም።

ከዚያ እቤት የምትሠራበትን ጠረጴዛ እየገፋች የውስጠኛው ክፍል በር ላይ አስደገፈችውና ከፊቱ ተቀመጠች። ሞርሳዋ ጠረጴዛው ላይ እንደታሰረች ናት። ሁሉን ስትሸሽግ እሷን መሸሸግ አልታሰባትም፤ ሞርሳ ለእሷ እንጀራዋ ነው እንጂ መሣሪያ አይደለም። የተቆጣጣሪውን አፍንጫ ረስታዋለች።

እኩለ ቀን ላይ መጣ። በሩን አንኳኩቶ ቆመ፤ ዘጠኝ ዓመት በር እሱ ራሱ ከፍቶ አያውቅማ። ሰፍቷል፣ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሁለቱ ጥርሶቹ የሉም። አቀፈችው፤ አቀፋት። ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለችው። «ስሙን አልጠየቅሁትም» አለ። ሁለት ሳህን በላ። ሲበላ ያቺ ጣት ከማንኪያው በላይ ተገትራ ጠረጴዛውን፣ ከጠረጴዛውም ኋላ ያለውን በር ታሳይ ነበር።

«እዚያ ነው?»

«ተኝተዋል።»

«ልቀስቅሰዋ።»

«ስማኝ» አለች ጩቤ። «ዘጠኝ ዓመት ጠብቄሃለሁ። ዛሬ በዚህ በር ከገባህ ከዛሬ ወዲያ የማይህ በሽቦ ነው፤ እስክትሞት። ሽቦ ሰልችቶኛል። ሞልቶኛል እስከዚህ።»

«እና ዝም ልበለው?»

«አያውቁም ነበር እኮ። ማን አሳይቷቸው? መንጠቆ በጉልበት ብቻ የሚወጣ ነው የመሰላቸው። ያደረጉት እኮ… ሊያወጡልህ ነው።»

«ጠይቀሽዋል?»

ጩቤ ከሣጥኑ አንድ የባሕር መንጠቆ አንሥታ ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እትዬ፣ ጠይቀሽዋል ወይ?»

«ምን ይጠየቃል፤ የታወቀ ነው» አለች በመንጠቆው ጎን።

«እንግዲያው እኔ እጠይቀዋለሁ» ብሎ ተነሣ።

እሷም ተነሣች። ጠረጴዛውን ገፋው፤ መልሳ ገፋችው። «ዞር በይ እትዬ፣ ካንቺ ጋር ጠብ የለኝም» አላት። «እኔ ግን ካንተ ጋር አለኝ» ብላ በጥፊ አጮለችው። ጉንጩ ቀላ፤ አልመታትም። ቅልጥሙን በጫማዋ አለችው፤ ተንፍሶ ዋጠው። በመጨረሻ የቀኝ አንጓዋን ጨምድዶ ከበሩ ሊያርቃት ጎተታት፤ እሷም የልጅነቷን አደረገች፤ በዚያች በማትዘጋው ጣት በኩል እጇን ጠምዝዛ ሹልክ አለችና በብብቱ ሥር ወደ በሩ ተመለሰች። እሱ መልሶ ሊይዛት በኃይል ሲዞር ክርኑ አፏን መታው።

ከነጠረጴዛው ወደ ኋላ ወደቀች። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ላባው፣ ብልጭልጩ፣ ቫርኒሹ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ በሩም ከኋላዋ ወለል ብሎ ተከፈተ። ምላሷን ነክሳዋለች፤ አፏ ደም ሞልቷል። መንጠቆው ከንፈሯን ለቆ ከሥሩ አገጯ ላይ ተተክሏል፤ ጉብጠቱ ድረስ ገብቷል።

ጠቋሚው አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ተንበረከከ። «እትዬ፣ እትዬ፣ እኔን» እያለ መንጠቆውን ያዘው። መንጠቆ እንዴት እንደሚወጣ በሕይወቱ ያየው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ጩቤ አይሆንም ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ደም ብቻ ነው። እጁን ልትይዘው ሞከረች፤ እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ መጎተት ጀምሯል፤ የአገጯ ቆዳ ከአጥንቱ ላይ ተነሣ።

«አትጎትት!»

ከውስጥ ነው። ስድስት ዓመት ከማጉረምረም ያላለፈ ድምፅ ቤቱን አናወጠው። ሽማግሌው በክርኑ ተደግፎ ከትራሱ ቀና ብሏል።

«አትጎትት፣ ደደብ! ጥርስ አለው! ዓይኑን ወደ ቆዳዋ ተጫን… ወደ ታች። አስተኛው። እንደዚያ! አሁን ክር ፈልግ። ጠንካራ ክር፣ ድርብ አድርገው። በጉብጠቱ አግባ። እጅህ ላይ ጠምጥመው። ዓይኑን እንዳትለቅ! ተጫን፣ ተጭነህ ያዝ… አሁን መንጭቀው!»

ጠቋሚው የታዘዘውን አደረገ። የመንጠቆውን ዓይን የተጫነው በዚያች በማትታጠፈው ጣት ነው፤ ለዚህ ሥራ የምትሆን ጠንካራ ጣት ነበረች። በግራው ክሩን መነጨቀ። መንጠቆው በአየር ላይ ሄዶ ግድግዳውን መታና ወደቀ። ጩቤ ምንም አልተሰማትም፤ ልክ እንዳሥራ አንደኛው ቀን።

«ወጣ?» አለ ሽማግሌው እያለከለከ።

«ወጣ።»

«አልቀደዳትም?»

«አልቀደዳትም።»

«እንዲህ ከተደረገ አይቀድም» አለ ሽማግሌው ወደ ትራሱ እየተመለሰ። «ይሄን የማያውቅ አጥማጅ የለም።»

ጠቋሚው ወለሉ ላይ ላባው መሃል ቁጭ አለ። ክሩ አሁንም ግራ እጁ ላይ ተጠምጥሟል። ጣቱን አየው። ቀና ብሎ ወደ አልጋው ተመለከተና፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው በማይናገርበት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«የእኔ ጊዜስ?»

ጩቤ የአባቷን ፊት አየች። ሐፍረት ፈለገች፤ ጥቂት ብታገኝ ይበቃት ነበር። ሽማግሌው ግን ጥያቄው የገረመው ይመስል ነበር።

«ከዚያ በኋላ ሣጥኔን ነካህ?» አለ።

«አልነካሁም።»

«እህ!» አለ ሽማግሌው፤ ያለው ይህንኑ ነው።

ጩቤ ወንድሟን ትጠብቅ ነበር፤ አሁን ይነሣል ብላ። አልተነሣም። ዘጠኝ ዓመት በሽቦ ኋላ ያበሰለው ነገር ሁሉ ከላዩ ወጥቶ አለቀበት፤ ዕንባው ሳይታወቀው ይወርዳል። የተነሣችው እሷ ናት። ያቺ በር ላይ የቆመች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ተነሣች፤ በዚህ ጊዜ እግሯ ታዘዛት።

«ታውቅ ነበር» አለች። ደም ከአፏ ይፈስሳል፤ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ወጣ። «አንተ! ታውቅ ነበር!»

በዕድሜዋ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ሽማግሌው ከሁሉም ይልቅ ያ ያስደነገጠው ይመስል ዓይኑን አፈጠጠ። ጩቤ ከጠረጴዛው የተላቀቀችውን ሞርሳ ከወለሉ አንሥታ ወደ አልጋው ደረሰች። ያጎረሰችው ማንኪያ ሁሉ፣ ያጠበችለት ጨርቅ ሁሉ፣ «አያውቁም ነበር» እያለች ለራሷ የዋሸችው ሃያ ስምንት ዓመት እጇ ላይ ሆነ። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሦስቱም ሰሙት። ሽማግሌው እንደዚያ ልጅ ጮኸ። ሁለተኛውን ለአናቱ አነሣችው።

ከኋላዋ አንጓዋን የያዘ እጅ እላይ አስቀረው።

«ተይው እትዬ» አላት ወንድሟ በጆሮዋ። «ሽቦ ሰልችቶኛል አላልሽም? እኔ ነኝ እንግዲህ የማይሽ፤ እኔ ነኝ በሽቦ የማይሽ። ተይው፤ አንቺን ለሱ አልሰጥም።»

የያዛት በቀኝ እጁ ነበር። ሦስቱ ጣቶችና አውራ ጣቱ አንጓዋን አጥብቀው ይዘዋል፤ አንዷ ዓይኗ ፊት ተገትራ ግድግዳውን ታሳያለች። ያቺን ክፍተት ከእሷ በላይ የሚያውቃት የለም። እጇን ጠምዘዝ ብታደርግ ትወጣለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ወጥታ የማታውቅበት ቀን የለም፤ ከጥቂት ደቂቃ በፊትም ወጥታባታለች። እሱም ያውቀዋል። ሽማግሌው ከሥር እየቃተተ ያያታል። ከአገጯ የሚወርደው ደም ብርድ ልብሱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

እጇን አልጠመዘዘችም።